ጀርባውን ያየው ምስክር

ቀጮ ያን ቀን አልቀለደም። እህቱ ክፉ ነገር መኖሩን ያወቀችው በዚህ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሽቦው ማዶ ገና ብቅ ሲል፣ «እታለም፣ ዛሬም በዓይንሽ ልትለኪኝ መጣሽ?» ይላት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው ስታይ ከትከሻው ነው የምትጀምረው። ሸሚዙ በየሳምንቱ ምን ያህል እየሰፋው እንደሄደ ከሩቅ ታውቃለች። ያን ቀን ግን መጥቶ ሽቦውን ያዘና ቆመ። በሁለቱ ሽቦዎች መሃል ባለው መተላለፊያ ፖሊስ ይመላለሳል። ጠያቂው ከወዲህ፣ እስረኛው ከወዲያ ስለሚጮህ አንዱ የሌላውን ወሬ ሳይወድ ይሰማል።

«የመኝታ ጎረቤቴን ወሰዱት» አላት።

«የት ወሰዱት?»

አጠገቡ ሲያወሩ የነበሩት እስረኞች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጠዋት ስሙን ጠሩት። ጠበቃው የመጣ መስሎት ደስ ብሎት ተነሳ። ጫማውን እንኳ በቅጡ አላጠለቀም። በኋላ ነው ዕቃውን ሰብስቡ የተባልነው።»

ለዓመታት ቆሞ የነበረው የሞት ቅጣት እንደገና መጀመሩን በሬዲዮ ሰምታ ነበር። ያን ጊዜ መቀሷን አስቀምጣ፣ «የሌሎቹን ነው» ብላ ራሷን አታልላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አሁን ግን ሽቦውን በሁለት እጇ ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀጮ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሲታ፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ። አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ያለውን መታጠቢያ ቤት አሠራው። ሥራው ባለቀ ሰሞን አንዱ መጋጠሚያ ላልቶ ኖሮ፣ ውሃው ሲፈስ አድሮ የዕቃውን ካርቶን ሁሉ አራሰው። ነጋዴው ቀጮን አስጠርቶ በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ቀጮም ጉንጩን ይዞ፣ «ቆይ ብቻ፣ ታገኛታለህ!» አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በዚያው ሳምንት ነጋዴው ወደ ማምሻው ላይ ሱቁ ውስጥ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ።

«ታገኛታለህ» ማንም ሰው ሲናደድ የሚላት ቃል ናት። እናት ብርጭቆ ለሰበረ ልጇ ትላታለች፤ ሾፌር ለሾፌር ይላታል። ፍርድ ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሆነች። ዐቃቤ ሕጉ «ዝቶ፣ አስቦ፣ አቅዶ» ብሎ ተረጎማት። ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው መጋዘን ዘበኛ ደግሞ ምሎ፣ «ሲወጣ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እሱ ነው» ብሎ በጣቱ አመለከተው። ቀጮ በዚያ ሰዓት ገና ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ብቻውን ቧንቧ ሲዘረጋ ነበር። «ማን አይቶሃል?» ቢሉት፣ «ቧንቧው» አለ። ፍርሃት ያመጣው ቀልድ ነበር፤ ዳኞቹ ንቀት አድርገው ቆጠሩበት። ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ልብስ ሰፊዋ ከእስር ቤቱ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ጠበቃ ሄደች። ጠበቃዋ መንግሥት ለድኃ የሚያቆማት ወጣት ሴት ናት። ቢሮዋ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ታች ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወለሉ ይንዘፈዘፋል።

«አልገደለም እኮ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ገና ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ። ግን አሁን እሱን የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ችሎት ‹ገድሏል ወይ?› ብሎ ጠየቀ፤ ‹ገድሏል› አለ። ከዚያ በላይ ያሉት የሚጠይቁት ‹ክርክሩ በሥርዓቱ ተመርቷል ወይ?› ብለው ነው። በሥርዓቱ ተመርቷል።»

«በሥርዓቱ ይሙት ነው የምትዪኝ?»

ጠበቃዋ አቀረቀረች። ከዚያ የቀረውን ቀስ ብላ አስረዳቻት። አንዱ መንገድ አዲስ ማስረጃ ነው፤ ያውም ያን ጊዜ ቢፈለግ እንኳ ሊገኝ ያልቻለ መሆን አለበት። ሌላው መንገድ ይቅርታ ነው። የይቅርታ ቦርዱ ከተቀበለው ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ይለወጣል።

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ጠበቃዋ ቅጹን አውጥታ አነበበችላት። «‹ጥፋቴን አምኜ፣ ከልቤ ተጸጽቼ› ይላል። አላጠፋሁም የሚልን ሰው ቦርዱ አያየውም። ‹ያልተጸጸተ› ነው የሚሉት።»

«ይፈርማላ!»

«ከፈረመ ሌላው በር ይዘጋል። ነገ እውነተኛው ገዳይ ቢገኝ እንኳ ‹ራስህ አምነህ የለም ወይ?› ይሉታል።»

ልብስ ሰፊዋ ቅጹን አጥፋ በጉያዋ ያዘችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ እግሯን በቅባት ታሻለች። መራመድ ካቃታት ቆይቷል፤ ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ፍርዱ የተሰጠ ዕለት ነው። ሁሉን ነገረቻት።

«ያልገደለውን ገደልኩ ይበል?» አለች እናትየው።

«እማ፣ ነፍሱ ትትረፍ እንጂ ምን ይበል ምን! የሞተ ልጅ ንጹሕ ቢሆን ምን ያደርግልሻል?»

እናትየው ማሻሸቷን ተወች። «እኔ በሱ ቦታ ልፈርም ብችል ዛሬውኑ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብዬ እፈርም ነበር። እሱን ግን ፈርም አልለውም። ከፈለግሽ አንቺ በዪው። እኔ አልሰማሁም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቀጮ ቅጹን ከሽቦው ማዶ ቆሞ ሁለቴ አነበበው። ያቀበለው ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ እስክሪብቶውን ይጠብቃል።

«እታለም፣ ነጋዴውን አንዴ ፍርድ ቤቱ ገደልከው አለኝ። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ልድገመው?»

«ቀጮ፣ በእማ ሞት!»

«እዚህ ቤት በሞት አይማልም። ደስ አይልም።»

«አትቀልድብኝ! ቆይ፣ እውነቱ ይወጣ ይሆናል። እስከዚያ ነፍስህ ትቆይ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይጠራል። እዚህ ግን የሚያድረው ሰው እያነሰ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እማ ምን አለች?»

«አልሰማሁም አለች።»

«እንግዲያው እኔም አላየሁም በያት።» ቅጹን ለፖሊሱ መለሰለት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ስሚኝ። በየጠዋቱ ኮቴ ስሰማ ብርድ ልብሴን እከናነባለሁ። እኔ ጀግና አይደለሁም። ግን ይሄን ከፈረምኩ ውስጤ የሚቀረኝ ነገር የለም። ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ሃምሳ ዓመት ምን ልሠራ?»

«ግትር!» ብላ ጮኸችበት። «ግትር ነህ! እኛን ግደለንና አርፈህ ተኛ!» ሳትሰናበተው ወጣች። ከግቢው ውጪ ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች። መመለስ ፈለገች፤ ሰዓቱ አልፎ በሩ ተዘግቷል።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት የማታውቃት ሴት ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ ገባች። ቤቱ ከአንድ ሲንጀርና ከአንድ መደርደሪያ በላይ አይችልም። ሴትዮዋ ከፌስታል ውስጥ የልጅ ዩኒፎርም አወጣች። ልብስ ሰፊዋ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ አዲስ ነው፤ ምንም አልጎደለውም።

«ምኑን ላስተካክለው?»

«ምኑንም።» ሴትዮዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ባሌ ዘበኛ ነው። የመጋዘኑ።»

የልብስ ሰፊዋ እግር ፔዳሉ ላይ ደረቀ። «ውጪልኝ» አለች።

«እወጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሬዲዮው ያን ነገር ካወራ ወዲህ እህል አይቀምስም። ተኝቶ ‹ጀርባ፣ ጀርባ› ይላል። ምንድነው ስለው ይቆጣኛል። የኔ እህት፣ የማውቀው ነገር ቢኖር እነግርሽ ነበር። ሂጂና ጠይቂው። እኔ እንደላክሁሽ ግን አትንገሪው።»

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። «አንተ ውሸታም! አንተ ነፍሰ በላ!» ልትለው ነበር። የጭነት መኪና እያራገፈ ነው፤ ጉልበት ሠራተኞች ጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ዘበኛው ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፍርድ ቤት ካየችው ወዲህ ጢሙ ነጥቷል። ቀና ብሎ ሲያያት አወቃትና ተነሣ።

«እንደምን አደሩ?» አለችው። አመሏ ሆኖ ከአፏ ወጣ። ጥርሷን ነከሰች፤ «አንተ» ልትለው መጥታ አንቱ አለችው።

«እግዜር ይመስገን» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔም ትመጫለሽ እያልኩ ነበር።»

«ወንድሜን አይተውታል? ይሄን ብቻ ይንገሩኝ።»

ዘበኛው ሠራተኞቹን አየ። ወደ ቆርቆሮ ቤቱ አስገባትና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ሰው አይቻለሁ» አለ። «ቀጭን ሰው። ጀርባውን። ከሱቁ ወጥቶ ጥግ ጥጉን ሲሄድ። ከዚያ መርማሪው ፎቶ አመጣልኝ፤ አንድ ፎቶ ብቻ። ‹ይሄ ነው አይደል?› አለኝ። ‹እንጃ፣ ጀርባውን ነው ያየሁ› አልኩት። ተመልሶ መጣ። ‹ሌሎች ሰዎች አይተውታል፤ ልጁም ሊያምን ነው፤ አንተ እፍኝ ብትጨምር ነው› አለኝ። አሁንም እንጃ አልኩት። ያን ጊዜ ተቆጣ። ‹ዘበኛ ሆነህ ፊት ለፊትህ ሰው ሲገደል ካላየህ፣ ታዲያ አንተ ራስህ የት ነበርክ?› አለኝ።»

«እና ፈሩ።»

«ፈራሁ። ሌሎች አይተውታል ካለ የኔ ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ፍርድ ቤት የቀረብኩ ዕለት እነዚያን ሌሎች ምስክሮች ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ።» ባርኔጣውን በእጁ ጨመደደው። «ማንም አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ልትመታው ከጀለች። እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ይሄን ለዳኛ ይናገራሉ?»

«ልጆች አሉኝ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እናገራለሁ» አለ።

ከሥራ ሲወጣ ወደ ጠበቃዋ ይዛው ሄደች። ደረጃው ላይ ግን ጠበቃዋ እጇን ይዛ ወደ ጎን ሳበቻት።

«ያኔ ዋሽቼ ነበር ካለ ለሐሰት ምስክርነት ይከሰሳል። ዓመታት ሊታሰር ይችላል። ሳይፈርም ልነግረው ነው።»

«አትንገሪው!» ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ጨመቀቻት። «ብትነግሪው ይሸሻል። ወንድሜ ይሞታል። አንቺ ደግሞ ሕግ ትቆጥሪያለሽ!»

«ሳልነግረው ካስፈረምኩት እኔና ያ መርማሪ በምን እንለያያለን?»

ነገረችው። ዘበኛው እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ቃሉን ሰጠና ፈረመ፤ ሲወርድ ግን ደረጃውን እንደ ታማሚ እየዳበሰ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይመጣል ብላ አላመነችም።

ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ሊሰማ ቀጠሮ ሰጠ። «እስከዚያ ፍርዱ ይታገድልን» የሚለውን ግን «በቀጠሮው ይታያል» ብሎ አለፈው። ስለዚህ ቀጠሮው ሳይደርስ የቀጮ ስም ይጠራ አይጠራ የሚነግራቸው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆም ጀመር። ጥበቃዎቹ «ዛሬ መጠየቂያ ቀን አይደለም» ይሏታል። «አውቃለሁ» ትላቸዋለች። የሚወጣውን መኪና ሁሉ በመስኮቱ ታያለች። ሥራዋ ተከማቸ፤ ደንበኞቿ ተቆጡ፤ ግድ አልሰጣትም። እናቷ «ምን አየሽ?» ስትላት «ምንም» ትላታለች። በዚያ ሰሞን ለሁለቱ ከዚህ የተሻለ ወሬ አልነበረም።

የቀጠሮው ቀን ዘበኛው መጣ። መምጣቱን ስታይ አምላኳን አመሰገነች። ወዲያው ግን ዐቃቤ ሕጉ ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብሎ በጆሮው ሲያናግረው አየች። ከዚያ በኋላ ዘበኛው ወደ እሷ አልተመለከተም።

ቀጮን በካቴና አምጥተው አስቀመጡት። ከተጣሉ ወዲህ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለት ጣቱን አንሥቶ እንደ መቀስ ከፈተና ዘጋ፤ በቤታቸው ቋንቋ «ታርቀናል ወይ?» ማለቱ ነበር። በእሺታ ራሷን ነቀነቀችለት።

ዘበኛው ማለ። ጠበቃዋ በዚያን ዕለት ያየውን ጠየቀችው።

«ብዙ ጊዜ ሆነው» አለ። «አላስታውስም።»

ጠበቃዋ ጥያቄዋን ለወጠች፤ «አላስታውስም» አላት። ዐቃቤ ሕጉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። የመሃል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ራሳቸው ጠየቁት።

«ፊቱን አይተሃል ወይስ አላየህም?»

ዘበኛው ላብ አጠመቀው። «ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የምናገረው ልጁን ያድነዋል? ካላዳነው ዝም ልበል። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ፍርድ ቤት ከምስክር ጋር አይዋዋልም» አሉ ዳኛው። «የተጠየቅኸውን መልስ።»

ዘበኛው ዞሮ ቀጮን አየው። ቀጮ አልለመነውም፤ ፊቱንም አላዞረበትም።

«አላየሁም» አለ ዘበኛው። «ጀርባ ነው ያየሁት። የቀጭን ሰው ጀርባ። ቀጭን ሰው ደግሞ አገር ሙሉ ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?»

«ያኔ።»

«ምለህ?»

«ምዬ።»

ዐቃቤ ሕጉ ብዙ ተከራከረ። ምስክሩ ያኔም የነበረ፣ መስቀለኛ ጥያቄም የቀረበለት ሰው ስለሆነ ቃሉ አዲስ ማስረጃ አይባልም አለ። የመጨረሻ ፍርድ የመጨረሻ ካልሆነ ችሎት ማለት ገበያ ይሆናል አለ። ጠበቃዋ ተነሣች። «በሱ ላይ ያለው ማስረጃ አንድ ሰውና አንድ ቃል ነበር። ሰውየው ሄደ። ቃሉን ደግሞ እዚህ ካለነው መሃል በንዴት ያላለ ማን ነው?» ብላ ተቀመጠች። ዳኞቹ ወጡ።

ዘበኛው ከምስክር ሳጥኑ እንደወረደ ፖሊስ ያዘው። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ካቴናው ሲገባ አየች።

ዳኞቹ ሲመለሱ ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ተለይተው ነበር። የተለዩት ዳኛ «ልቤ ቢያዝንም ሕጉ አይፈቅድም» ብለው ሐሳባቸውን አስመዘገቡ። ሁለቱ ግን የሞት ፍርዱ ታግዶ ክሱ እንደገና ይሰማ አሉ። ልብስ ሰፊዋ የሰማችው «ታግዶ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጠበቃዋ በኋላ ነገረቻት። እንደገና ሲሰማ ለዐቃቤ ሕጉ የቀረው ያ «ታገኛታለህ» ብቻ ነበር። በእሱ ብቻ ሰው መቅጣት አልተቻለም። ቀጮ በነጻ ተሰናበተ።

በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ልጅ ጠበቃዋን መንገድ ዘግቶ ያዛት። «ታዲያ አባቴን ማን ገደለው?» አላት። ስድብ የሚመስል ጥያቄ አልነበረም፤ በእርግጥም ማወቅ ፈልጎ ነበር። የመለሰለት የለም። እስከ ዛሬም አልታወቀም።

ቀጮ ቤት ገብቶ እናቱ እግር ሥር ብዙ ተቀመጠ። እሷም ጭንቅላቱን ስትዳስስ ቆይታ፣ «ከስተሃል» አለችው። «ድሮስ መቼ ወፍሬ አውቃለሁ?» አላት።

የዘበኛው ፍርድ በሚነበብበት ቀን ቀጮ «እኔም ልሂድ» አለ። እህቱ ተቆጣች። «እሱ ባይኖር ይሄ ሁሉ መች ይደርስብን ነበር?» አለችው። «እሱ ባይኖር አልወጣም ነበር» አላት። እየተነጫነጨች ተከተለችው።

ዳኛዋ ቅጣት ከመወሰናቸው በፊት ቀጮ ለመናገር ጠየቀ።

«ተበዳዩ አንተ ነህ» አሉት። «ቅጣቱ ይክበድልኝ ልትል ነው?»

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሰው በዋሸ ጊዜ ማታ ቤቱ ገብቷል። እውነቱን ሲናገር ነው የታሰረ። ነገ እንደሱ የተሳሳተ ሌላ ምስክር ይሄን ሲያይ ምን ይማራል? አፉን መዝጋት ነው የሚማር። እኔ የነበርኩበት ቦታ ደግሞ ሌላ ሰው አለ።»

ዳኛዋ ጻፉት። ቅጣቱን ዝቅ አደረጉት፤ አልተዉትም። ዘበኛው ታስሮ ወጣ። መርማሪውን የጠየቀው አልነበረም።

የዘበኛው ሚስት ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። ዘበኛው በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አለና ልብስ ሰፊዋን አያት። «እግዜር ይስጥልኝ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ያ ሁሉ ያጠናችው ስድብም አልወጣም። ባልና ሚስቱ እንዲሰነባበቱ ብላ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላቸው።

«እንሂድ» አላት ቀጮ ከኋላዋ። «እማ ብቻዋን ናት።»